ያንገርና ማክዩዋን፤ የሁለት የኤዲንብራ ቢራ ጠማቂዎች ታሪክ

የስኮትላንድ ስም በነጋዴዎች መካከል ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበው ውስኪ ነው። ነገር ግን ውስኪ በዓለም ገበያ ገናና ከመሆኑ በፊት፣ ከዋና ከተማዋ ከኤዲንብራ እየወጣ በሊዝ ወደብ በመርከብ እየተጫነ ወደ ለንደን፣ ወደ አሜሪካና ወደ ምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ይሄድ የነበረ ቢራ ነበረ። ከዚህ ንግድ ውስጥ ሁለት ስሞች ከሁሉ በልጠው ወጡ፤ አንደኛው ያንገር፣ ሁለተኛው ማክዩዋን ነው። የሁለቱም ፋብሪካዎች ዛሬ የሉም። ስማቸው ግን ከፋብሪካዎቹ ተለይቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሯል፤ አስመጪና ባለ ሱቅ የሆነ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባው የታሪኩ ክፍልም ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የያንገር ኩባንያ በማስታወቂያዎቹና በጠርሙሶቹ ላይ የተቋቋመበትን ዘመን 1749 ብሎ ይጽፍ ነበር። በዚያ ዓመት ዊልያም ያንገር የተባሉ የ16 ዓመት ወጣት ከዌስት ሊንተን መንደር ተነሥተው ወደ ሊዝ ወደብ መጡ። ወጣቱ ወዲያው የራሳቸውን ቢራ መጥመቅ ጀመሩ የሚለው የኩባንያው ትውፊት ነው፤ መዝገብ የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ነገሩን በጥርጣሬ ያዩታል። ዊልያም ያንገር በመጠጥ ላይ የሚከፈለውን የመንግሥት ቀረጥ ከሚሰበስቡት የኤክሳይዝ ሹማምንት አንዱ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ቀረጥ ሰብሳቢ የጠማቂውን ጋን፣ የብቅሉን ልክና የሚወጣውን በርሜል ቁጥር ዘወትር የሚያይ ሰው ስለ ሆነ፣ የቢራን ንግድ ለመማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም ነበር። ሰውየው ዕድሜያቸው አርባ ሳይሞላ ሞቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ግሪዘል ሌላ የሊዝ ጠማቂ አገቡ፤ ሁለተኛው ባልም ሲሞቱባቸው ሥራውን ራሳቸው ያዙት። በኩባንያው ማስታወቂያ ላይ የወይዘሮዋ ስም እንደ ባላቸው ስም ጎልቶ አልወጣም፤ ይሁን እንጂ የጠመቃው ሙያ በቤተሰቡ ውስጥ እንዳይቋረጥ ያደረጉት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በማስረጃ የሚቆመው የኩባንያው መነሻ 1778 ነው። በዚያ ዓመት ልጃቸው አርቺባልድ ካምቤል ያንገር በሆሊሩድ ገዳም ቅጥር ውስጥ የራሳቸውን የቢራ መጥመቂያ ከፈቱ። የሆሊሩድን ገዳም በ1128 ዓ.ም. ያቋቋሙት የስኮትላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ዳዊት ናቸው፤ መነኮሳቱም በዚያው ቦታ ከጥንት ጀምሮ ቢራ ይጠምቁ እንደ ነበር ይነገራል። ቦታው ለነጋዴ የሚስብ ሌላም ነገር ነበረው። የገዳሙ ቅጥር ከከተማው ሹማምንት ሥልጣን ውጭ ሆኖ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ቢገባበት ባለ ገንዘቡ ሊያሳስረው አይችልም ነበር። ስለ ዕዳ መታሰር በሕግ እስከ ቀረበት እስከ 1880 ዓ.ም. ድረስ የከሰሩ ነጋዴዎችና ገንዘባቸውን ያባከኑ መኳንንት በዚያ ይጠጉ ነበር። እንግዲህ አርቺባልድ ያንገር ፋብሪካቸውን ያቋቋሙት ባለ ዕዳዎች በተሰበሰቡበት ሰፈር መሆኑ ነው። ለመጠጥ ነጋዴ ደንበኛው ብዙ፣ ዱቤው ግን የሚያስፈራ ሰፈር!

ይሁን እንጂ ኤዲንብራን የቢራ ከተማ ያደረጋት ከሁሉ ይልቅ ውሃዋ ነው። ከከተማዋ በታች ከሚገኘው ዐለት የሚቀዳው የጉድጓድ ውሃ ጀሶ የበዛበት ከባድ ውሃ ነው። ለልብስ ማጠቢያ የማይመቸው ይህ ውሃ፣ ጥርት ያለና ቀለሙ ፈካ ያለ ቢራ ለመጥመቅ ግን እጅግ የተስማማ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር እንዲህ ባለ ውሃ የታወቀችው የበርተን ከተማ ናት። የውሃው ሥር በከተማዋ ውስጥ በቀለበት መልክ ስለሚዞር ፋብሪካዎቹም ያንኑ መስመር ተከትለው ተደረደሩ። ገብሱ ከከተማዋ አጠገብ ካለው ከሎዚያን ሜዳ ይመጣል። እንደ ጌሾ ለቢራው ምሬትና ሽታ የሚሰጠው ሆፕ የተባለው ተክል ግን በስኮትላንድ የማይበቅል በመሆኑ ከእንግሊዝ ደቡብና ከባሕር ማዶ መግዛት ግድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከ20 በላይ የሚሆኑ የቢራ ፋብሪካዎች በአንዲቱ ከተማ ይሠሩ ነበርና፣ የብቅሉ ሽታ ከድንጋይ ከሰሉ ጢስ ጋር ተደባልቆ መንገዱን ሁሉ ይሞላው ነበር።

የመጀመሪያው የያንገር ዝና የተመሠረተው የኤዲንብራ ኤል በሚባለው ጽኑ ቢራ ላይ ነው። ይህ ቢራ ከጽናቱና ከጣፋጭነቱ የተነሣ የጠጪውን ከንፈር ያጣብቃል ይባል ነበር፤ ከአንድ ጠርሙስ በላይ የሚችለውም ጥቂት ሰው ነው። የፎቶግራፍ ጥበብ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ በ1844 ዓ.ም. ገደማ፣ ሂልና አዳምሰን የተባሉት የኤዲንብራ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሦስት ወዳጆች ብርጭቆ ይዘው ሲጫወቱ አንሥተው ሥዕሉን በዚሁ ቢራ ስም ጠርተውታል። ከሦስቱ አንዱ ራሱ ሂል ነበር። ማንም ሳይከፍለው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚያገኝ ሸቀጥ ብዙ አይደለም።

ከዚህ ጋር ስለ ዋጋው አጠራር ጥቂት መናገር ይገባል። በስኮትላንድ ጠማቂዎች ዘንድ የቢራው ዓይነት የሚታወቀው በፋክቱሩ ላይ በሚጻፈው የአንድ በርሜል ዋጋ ነበር። ቀላሉ ቢራ 60 ሽልንግ፣ ከፍ ያለው 70፣ ከዚያም 80 እና 90 እየተባለ ይጠራል። 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ስለ ሆነ፣ የ80 ሽልንግ ቢራ በርሜሉ 4 ፓውንድ ያወጣል ማለት ነው። ቀረጡ፣ የገብሱ ዋጋና የገንዘቡ አቅም እየተለዋወጠ ሲሄድ ቍጥሩ ከእውነተኛው ዋጋ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ፤ ስሙ ግን ቀረ። የያንገር ቤት ደግሞ ከዚህ ሌላ ኤሎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቍጥር የመሰየም ልማድ ነበረው፤ ከእነዚህም «ቍጥር 3» የተባለው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ገበያ ላይ ቆይቷል።

ሁለተኛው ስም ከያንገር አንድ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ነው። ሚስተር ዊልያም ማክዩዋን በ1827 ዓ.ም. በአሎዋ ከተማ ከመርከብ ባለቤት ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በድንጋይ ከሰል ኩባንያ ጸሐፊነት፣ በኋላም በነጋዴ ቤት የሒሳብ ሥራ አገልግለው፣ በመጨረሻ በኤዲንብራ በአጎቶቻቸው ፋብሪካ ጠመቃ ተማሩ። በ1856 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው በተበደሩት ገንዘብ ፋውንቴንብሪጅ በሚባለው ሰፈር የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ። የመረጡት ቦታ የጸሐፊነትና የሒሳብ ትምህርታቸውን የሚያሳይ ነው። በአንድ በኩል በ1822 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒየን ቦይ አለ፤ ድንጋይ ከሰሉና እህሉ በጀልባ በርካሽ ይገባል። በሌላ በኩል ወደ ግላስጎና ወደ ምዕራቡ ጠረፍ የሚወስደው የካሌዶኒያ ምድር ባቡር በአጠገቡ ያልፋል። ከግላስጎ ወዲያ ደግሞ ወደ ዓለም ሁሉ የሚሄዱ መርከቦች አሉ። የያንገር ቤት ፊቱን ወደ ምሥራቁ የሊዝ ወደብ አዙሮ ሲኖር፣ ማክዩዋን ምዕራቡን ያዙ ማለት ይቻላል።

ወቅቱም የተመቸ ነበር። በሕንድ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ የሚኖሩት እንግሊዛውያንና ስኮትላንዳውያን ወታደሮች፣ ሹማምንትና ሰፋሪዎች የአገራቸውን ቢራ ይፈልጋሉ፤ በሙቅ አገር ለመጥመቅ ግን ገና የበረዶ መኪና አልተስፋፋም። ስለዚህ ረጅሙን የባሕር ጉዞ ሳይበላሽ የሚችል፣ ሆፕ የበዛበት ፈካ ያለ ቢራ በጠርሙስና በበርሜል እየሆነ በገፍ ይላክ ነበር። «ኤክስፖርት» የሚለው የማክዩዋን ቢራ ስም ከዚህ የመጣ ነው። የሚያስገርመው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ይህ ወደ ውጭ ይላካል የተባለው ቢራ በአብዛኛው የሚጠጣው እዚያው በስኮትላንድ ውስጥ መሆኑ ነው። በ1889 ዓ.ም. የማክዩዋን ድርጅት በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ዋና ገንዘብ ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ተለወጠ፤ ያንገር ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ይህንኑ አድርጎ ነበር።

ሚስተር ማክዩዋን የሥራውን አመራር ለእኅታቸው ልጅ ትተው ከ1886 እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስ በፓርላማ የኤዲንብራ ማዕከላዊ ክፍል እንደራሴ ሆነው አገለገሉ። ለኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ 115,000 ፓውንድ አውጥተው ያሠሩት ታላቅ አዳራሽ በ1897 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ዛሬም ተማሪዎች ዲፕሎማቸውን የሚቀበሉበት ነው። ለስኮትላንድ ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክርም የሬምብራንትንና የፍራንስ ሃልስን ሥራዎች በስጦታ አበርክተዋል። ኩባንያው በኋላ ዘመን ለንግድ ምልክትነት የመረጠው የሚስቀው ፈረሰኛ ሥዕልም የዚሁ የሃልስ ሥራ መሆኑ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፤ ምንም እንኳ ዋናው ሥዕል የሚገኘው ለንደን ቢሆን።

በዚያው ዘመን ጠመቃ ከልማድ ወደ ሳይንስ ተሸጋገረ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1876 ዓ.ም. ስለ ቢራ ባሳተሙት ጥናት፣ ቢራ የሚበላሸው ዓይን በማያያቸው ባዕዳን ሕዋሳት መሆኑን አስረድተው ነበር። ይህ ዕውቀት ለላኪ ነጋዴ ገንዘብ ማለት ነው፤ በመርከብ ሆድ ውስጥ ሆምጣጤ የሚሆነው እያንዳንዱ በርሜል ኪሳራው የላኪው ነውና። ፓስተር በ1884 ዓ.ም. ለኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የ300ኛ ዓመት በዓል ሲጋበዙ፣ ከለንደን ለሚጓዙበት የተለየ የባቡር ሠረገላ ያዘጋጁላቸውና በእንግድነት የተቀበሏቸው ከያንገር ቤተሰብ የሆኑ ጠማቂ ናቸው። ጠማቂው ስለ ፓስተር የቢራ ጥናት ያላቸውን ምስጋና የገለጹት በዚህ መንገድ ነው።

በአገር ውስጥ የሚካሄደው ሽያጭ ደግሞ የራሱ ጠባይ ነበረው። በእንግሊዝ ጠማቂዎቹ መጠጥ ቤቶችን እየገዙ የራሳቸው ቢራ ብቻ እንዲሸጥባቸው ያደርጉ ነበር። በስኮትላንድ ግን ፈቃዱ በግለሰቡ ባለ መጠጥ ቤት ስም የሚሰጥ በመሆኑ ይህ ልማድ እንደዚያ አልሰፋም፤ በምትኩ ጠማቂው ለባለ መጠጥ ቤቱ ገንዘብ ያበድራል፣ በፋክቱሩም ላይ ቅናሽ ያደርግለታል። ባለ መጠጥ ቤቱ በስሙ ነጻ ነጋዴ ነው፤ በመዝገቡ ግን ባለ ዕዳ ስለ ሆነ ከአበዳሪው በቀር ከሌላ ጠማቂ ለመግዛት ይቸገራል። ሁለቱም ወገኖች የተጠቀሙበት ስምምነት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ገበያ ሲቀዘቅዝ ጠማቂውም የተበዳሪውን ኪሳራ አብሮ ይሸከም ነበር።

ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ የውጭው ንግድ መዳከም ጀመረ። በየቅኝ አገሩ የአካባቢ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ፤ የበረዶ መኪና የሙቅ አገር ጠመቃን አቀለለ፤ የጀርመኖች ላገር ቢራም በብዙ ገበያ ተቀባይነት አገኘ። የአንደኛው ዓለም ጦርነት በተጀመረበት በ1914 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት የበርሜሉን ቀረጥ ከ7 ሽልንግ ከ9 ፔንስ ወደ 23 ሽልንግ በአንድ ጊዜ ከፍ አደረገው። ለስኮትላንድ ጽኑ ኤል ታማኝ ሆኖ የቀረው የውጭ ገበያ ምናልባት ቤልጅግ ናት፤ የዚያ አገር አስመጪዎች ለአገራቸው ጠጪ ብቻ ተብሎ ከወትሮው የጠነከረ ቢራ በኤዲንብራ እስከ ማስጠመቅ ደርሰው ነበር። የቀረው ገበያ እየጠበበ ሲሄድ ያንገርና ማክዩዋን በ1931 ዓ.ም. ስኮቲሽ ብሩወርስ በተባለ አንድ ማኅበር ሥር ተጠቃለሉ። ሆኖም እያንዳንዱ ፋብሪካውን፣ ማርካውንና የሽያጭ ሠራተኞቹን ለየብቻ ይዞ ለብዙ ጊዜ ቆየ። በ1960 ዓ.ም. ማኅበሩ ከእንግሊዝ ከኒውካስል ከተማ ጠማቂዎች ጋር ተዋሕዶ ስኮቲሽ ኤንድ ኒውካስል ተባለ።

በዚህ ስም ድርጅቱ ከብሪታንያ ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በ1973 ዓ.ም. በፋውንቴንብሪጅ አዲስ ዘመናዊ ፋብሪካ ሠራ። የማክዩዋን ላገር ስም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በግላስጎው የሬንጀርስ እግር ኳስ ቡድን ማልያ ላይ ለዓመታት ታየ። በ1988 ዓ.ም. ኤልደርስ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ድርጅቱን ለመግዛት በተነሣ ጊዜ በኤዲንብራ ብርቱ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የብሪታንያ የሞኖፖል መርማሪ ኮሚሽን ግዢውን አገደው። ስኮትላንዳውያን ጠማቂያቸውን ከባዕድ እጅ አዳኑ ተብሎ ደስታ ሆነ። ነገር ግን ድርጅቱ ራሱ ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ከከተማዋ የሚያርቀው ነበር። በ1995 ዓ.ም. የእንግሊዙን ከሬጅ፣ በ2000 ዓ.ም. የፈረንሳዩን ክሮነንቡርግ፣ በ2002 ዓ.ም. የፊንላንዱን ሃርትዎል ገዛ፤ በሃርትዎል በኩልም በሩስያ ከፍተኛ ገበያ ከነበረው የባልቲክ ቢራ ማኅበር ግማሹን አገኘ። ሀብቱ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሲሰፋ የኤዲንብራ ፋብሪካዎቹ እንደ ሸክም ይቈጠሩ ጀመር።

የሆሊሩድ ጠመቃ በ1980ዎቹ ዓመታት ቆሞ ነበር። በኋላም ድርጅቱ በዚያ የነበረውን ዋና መሥሪያ ቤቱን ለቀቀ፤ ሕንጻው ፈርሶ ዛሬ የስኮትላንድ ፓርላማ ያለበት ሕንጻ በስፍራው ተሠራ። አርቺባልድ ያንገር ባለ ዕዳዎች መካከል ጋናቸውን ያቆሙበት ሰፈር ሕግ የሚወጣበት ሆነ። ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ፓርላማውን የመረቁት በጥቅምት ወር 2004 ነው፤ የማክዩዋን የፋውንቴንብሪጅ ፋብሪካ እንዲዘጋ የተወሰነውም በዚያው በ2004 ዓ.ም. ነበር። በፋብሪካው መሬት ላይ ዛሬ ከሌሎች ሕንጻዎች ጋር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛል።

በ2008 ዓ.ም. የዴንማርኩ ካርልስበርግና የሆላንዱ ሄኒከን አንድ ላይ ሆነው ስኮቲሽ ኤንድ ኒውካስልን በ7.8 ቢሊዮን ፓውንድ ገዝተው ተካፈሉት። ካርልስበርግ የፈለገው የሩስያውን ድርሻና የፈረንሳዩን ፋብሪካ ነበር፤ የብሪታንያው ሥራ ለሄኒከን ደረሰ። ይኸው ሄኒከን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የበደሌንና የሐረርን የቢራ ፋብሪካዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ከ160 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዝቶ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ዳርቻ በቂሊንጦ ትልቅ ፋብሪካ አሠራ። በዚያው በ2011 ዓ.ም. ግን በስኮትላንድ በኩል ሻጭ ሆኖ ቀረበ፤ ያንገርና ማክዩዋን የሚባሉትን ስሞች በእንግሊዝ ቤድፎርድ ከተማ ለሚገኝ ጠማቂ ሸጣቸው። ገዢው የተረከበው የንግድ ምልክቱን፣ የአጠማመቁን ዘዴና ደንበኛውን ነው፤ ፋብሪካ አልነበረም፤ ጀሶ ያለበት የኤዲንብራ ጉድጓድም ከሽያጩ ውስጥ አልገባም። በ2017 ዓ.ም. የቤድፎርዱ ሥራ ማርስተንስ ለተባለ ኩባንያ ተላለፈ። በ2020 ዓ.ም. ማርስተንስ የጠመቃ ሥራውን ከካርልስበርግ ጋር አጣመረ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ካርልስበርግ የባልደረባውን ድርሻ ጠቅልሎ ገዛ። በ2008 ዓ.ም. ክፍፍል ጊዜ ካርልስበርግ ለሄኒከን የተዋቸው ስሞች እንዲህ ዞረው ወደ እሱ ደረሱ።

በኤዲንብራ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው ትልቅ ጠማቂ ካሌዶኒያን የተባለው ፋብሪካ ነበር። ሎሪመርና ክላርክ በ1869 ዓ.ም. ከባቡሩ መስመር አጠገብ ያቋቋሙት ይህ ፋብሪካ፣ የመዳብ ድስቶቹን እንደ ጥንቱ በቀጥታ እሳት እያነደደ ያፈላ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ዱካርስ የተባለው ቢራው የብሪታንያ ምርጥ ቢራ ተብሎ ተሸለመ። በኋላ በሄኒከን እጅ ገብቶ፣ አሮጌውን ሕንጻና መሣሪያ ማደስ ትርፍ የለውም ተብሎ በ2022 ዓ.ም. ተዘጋ። የዱካርስ ጠመቃ በ1719 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመ ወደሚነገርለት ወደ ቤልሄቨን ፋብሪካ፣ ወደ ደንባር ከተማ ተዛወረ። ቤልሄቨን ራሱም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ ባለቤት ያለው ነው፤ ነገር ግን ጋኑ ከቦታው አልተነሣም።

በከተማዋ ትንንሽ ጠማቂዎች ሥራውን ቀጥለዋል። ሽልንግ የሚባለው ገንዘብ በየካቲት 1971 ዓ.ም. ከመገበያያነት ወጣ፤ በኤዲንብራ መጠጥ ቤት የሚገባ ሰው ግን ዛሬም «80 ሽልንግ ስጠኝ» ብሎ ያዛል፤ ባለ መጠጥ ቤቱም ቀድቶ ሰጥቶ ሒሳቡን በፓውንድና በፔንስ ይቀበላል።